ወንበሩን ስገፋለት ለምን ከፋው? በአካታች ስፖርት ለማገዝ ለተመዘገበች ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦

«ጤና ይስጥልኝ። አካል ጉዳተኛ የሆኑና ያልሆኑ ልጆች አብረው ስፖርት በሚሠሩበት ማዕከል በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግቤ ባለፈው ሳምንት ጀመርኩ። ስፖርት አልተማርኩም፤ ስለ አካል ጉዳትም የማውቀው ጥቂት ነው። ዊልቸር የሚጠቀም የ14 ዓመት ልጅ ደረሰኝና ሰዓቱን ሙሉ ስገፋው፣ ኳስም እያነሳሁ ስሰጠው ዋልኩ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ሲያልቅ ግን ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም። ምን አጠፋሁ? ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ? የምመለስ ከሆነስ ምን ማወቅ አለብኝ?»

ምላሽ፦

ተመለሺ። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ደብዛቸው የጠፋ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ስላየሁ ነው። ክፉ ሠርተው አይደለም የሚቀሩት። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ይታወቃቸዋል፤ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ግን አያገኙም። በሳምንቱ ኀፍረቱ ይከብዳቸውና ይቀራሉ። አንቺ ግን ጠይቀሻል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከሕክምና ክፍል ይልቅ ሜዳ ላይ የቆየሁበት ጊዜ ይበልጣል፤ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችንም፣ አብረዋቸው የሚቆሙትን በጎ ፈቃደኞችም አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ።

ልጁ የመጣው ሊጫወት ነበር፤ ጨዋታውን ግን አንቺ ወሰድሽበት። ወንበሩ ለአንቺ ዕቃ ይመስልሻል፣ ለእሱ ግን እግሩ ነው። ሳይታሰብ አንድ ሰው ከኋላሽ መጥቶ ሁለት ትከሻሽን ይዞ ወደፈለገበት ቢነዳሽ፣ መቼ እንደሚያቆም፣ ወዴት እንደሚያዞርሽ ሳታውቂ አንድ ሰዓት ሙሉ ብትቆዪ ምን ይሰማሻል? ልጁም ከኋላው ያለውን አያይም። አንቺ ስትገፊ እጁን ጎማው ላይ ማድረግ አይችልም፤ ጣቱ ሊቆነጠጥ ይችላል። ስለዚህ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስፖርት ሊሠራ የመጣ ልጅ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ዋለ ማለት ነው።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፤ የስፖርቱ ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። በዊልቸር ቅርጫት ኳስ ወንበሩ የተጫዋቹ የሰውነት ክፍል ሆኖ ይቆጠራል፤ ወንበሩን የገጨ ሰውየውን ገጨ ይባላል። ኳስ የያዘ ተጫዋች ሳያነጥር ጎማውን ከሁለት ጊዜ በላይ ከገፋ ጥፋት ይሆንበታል፣ ቆመው ሲጫወቱ ኳስ ይዞ መራመድ እንደሚያስቀጣው ሁሉ። አየሽ፣ ጎማ መግፋት በሕጉ ላይ እንደ እርምጃ ተቆጥሮ ገብቷል። ጎማውን ሁለት ጊዜ ገፍቶ ኳሱን ማንጠር፣ በአንድ እጅ ወንበሩን ማዞር፣ ተፎካካሪ ሲመጣ ባለበት ማቆም፣ ይህ ሁሉ ችሎታ ነው፤ የሚመጣውም በልምምድ ነው። ያን ቀን እሱ ልምምዱን አጣ።

ኳስ ማንሳቱም እንዲሁ ነው። ዊልቸር የለመደ ሰው መሬት ላይ ያለን ኳስ ከጎማው ጋር አጣብቆ በእጁ ይይዘዋል፣ ጎማውን ሲያሽከረክር ኳሱ አብሮ ወደ ላይ ይወጣና ጭኑ ላይ ይወድቃል። ጀማሪ ሲሆን ኳሱ አሥር ጊዜ ያመልጠዋል። አሥራ አንደኛው ላይ ሲሳካለት ፊቱን ብታዪው ያን ኳስ ዳግመኛ አታቀብዪውም።

አሁን ወደ ሥራሽ ልግባ። የበጎ ፈቃደኛ ሥራ ምን እንደሆነ ከማንኛውም ትምህርት በላይ ያስተማረኝ ቦቻ የሚባለው ጨዋታ ነው። ቀይና ሰማያዊ ኳሶች አሉ፤ እያንዳንዱ ወገን 6 ይይዛል፤ አንዲት ነጭ ኳስ ትወረወርና የየራስን ኳስ ወደ እሷ ማስጠጋት ነው ፉክክሩ። እጃቸው ኳስ ለመያዝም ለመወርወርም የማይታዘዝላቸው ተጫዋቾች ኳሱ የሚንሸራተትበት እንደ አሸንዳ ያለ መወጣጫ ይጠቀማሉ። ያን መወጣጫ የሚያስተካክልላቸው ረዳት አለ። ሕጉ ታዲያ ረዳቱን ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ እንዲቀመጥ ያዝዛል! ነጯ ኳስ የት እንዳለች ማየት አይፈቀድለትም። ተጫዋቹ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ከፍ አድርገው፣ በቃ» ይለዋል፤ ረዳቱ ያንኑ ያደርጋል፤ ኳሱን የሚለቀው ተጫዋቹ ነው፣ በእጁ ካልሆነለት በአገጩ፣ ወይም ጭንቅላቱ ላይ በታሰረ ዘንግ። ረዳቱ ከሌለ ጨዋታው አይኖርም፤ ቢሆንም አንዲት ሐሳብ እንኳ ከራሱ አይጨምርም። እኔ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስቀምጠው እዚያ ነው፣ ጀርባውን ለሜዳው አድርጎ። በሃያ ደቂቃ የሚገባው ነገር በሁለት ቀን ገለጻ አይገባውም።

ማየት ከተሳናቸው ሯጮች ጋር የሚሮጠው መሪ ሯጭም እንዲሁ ነው። ሁለቱ እጃቸውን በአጭር ገመድ ያያይዛሉ። መሪው መጎተትም መግፋትም አይችልም፤ የመጨረሻውን መስመር ከስፖርተኛው ቀድሞ ካለፈ ሁለቱም ከውድድሩ ውጪ ይሆናሉ። መሪው የእጁን ውዝዋዜና የእርምጃውን ርዝመት ከሌላው ሰው እርምጃ ጋር ማመሳሰል አለበት፤ በዚያ ላይ «ኩርባ በሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» እያለ ይናገራል። ዛሬ በፓራሊምፒክ መድረክ መሪ ሯጩም አብሮ ሜዳልያ ይጠለቅለታል፤ ይገባዋልም፣ እንዲህ ያለው እገዛ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነውና። መሪ ሆነሽ መሮጥ ከተመደበልሽ መጀመሪያ ዓይንሽን ሸፍነሽ ሌላ ሰው ይምራሽ። ማየት አለመቻል ምን እንደሆነ ይገባሻል ማለቴ አይደለም፤ በአሥር ደቂቃ ሻሽ ያ አይገባም። ገመዱ ሲወጠርና ሲላላ እጅ ላይ ምን እንደሚናገር ግን ታውቂያለሽ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥራ ልማድ ቀላል ይመስላል፣ ለመልመድ ግን ይከብዳል። መጀመሪያ ጠይቂ፤ መልሱን ጠብቂ፤ የተባልሽውን ያህል ብቻ አድርጊ፤ ከዚያ እጅሽን አንሺ። «ላግዝህ?» ስትይው «አይ» ካለሽ፣ አይ ማለቱ ነው። «አዎ» ካለሽ ደግሞ «እንዴት አድርጌ?» ብለሽ ጨምሪ፤ ሰውነቱንም ወንበሩንም ከአንቺ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ከሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአእምሮ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት ልጅ ቦቻ ስትጫወት ከጎኗ ቆሜ አስታውሳለሁ። ኳሱ በመዳፏ ውስጥ ነው፤ ክንዷ ወደፊት ልታደርሰው ስትል ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጣቶቿ ልክፈታቸው ስትል ይበልጥ ይጨብጣሉ። አንድ አዲስ በጎ ፈቃደኛ እጁን ዘረጋ፤ ክንዱን ይዤ አስቆምኩት። በልቤ እቆጥር ነበር፣ ወደ ሃያ ስደርስ ትንሿ ጣቷ ተከፈተች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ኳሱ ወደቀና እየተንከባለለ ሄደ። ሩቅ አልሄደም። እሷ ግን ቀና ብላ ያየችው ኳሱን ሳይሆን የተዘረጋውን እጅ ነበር፤ እጁ እንዳልደረሰባት ስታረጋግጥ ነው የሳቀችው።

አነጋገር ላይ ጥቂት ልበል። የምታወሪው ከሰውየው ጋር እንጂ አጅቦት ከመጣው ጋር አይሁን። «ውኃ ይፈልጋል?» ብለሽ እናትየዋን አትጠይቂ፤ ልጁን «ውኃ ትፈልጋለህ?» በዪው፤ በቃል ካልመለሰ በዓይኑ ወይም በእጁ ይመልስልሽ ይሆናል፣ እንዴት እንደሚመልስ እናትየዋን መጠየቅ ግን ነውር የለውም። ወሬው ረዘም የሚል ከሆነ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው አንገቱን እያንጋጠጠ አያውራሽ። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?» የሚለውን ጥያቄ ፈጽሞ አታንሺ፤ ሊነግርሽ ከፈለገ አንድ ቀን ራሱ ይነግርሻል። ለሥራሽ የሚያስፈልግሽ የበሽታው ስም አይደለም፤ «ስትጫወት የሚያስቸግርህ ምንድን ነው? እኔስ ምን ላውቅልህ ይገባል?» የሚለው ነው።

ከንፈር መምጠጥንና «ወይኔ ልጄን» ማለትን ደጅ አስቀምጠሽ ግቢ። ከመጠን ያለፈ ሙገሳም የዚያው ወንድም ነው። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር «ጀግና! ጎበዝ!» ከተባለ ሙገሳው ዋጋ ያጣል፤ ልጆችም ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ይልቅ የሠራውን ነገር ጥቀሺለት፦ «አሁን ከመዞርህ በፊት ቀና ብለህ አየህ፣ ለዚያ ነው ያቀበልከው የደረሰው።» ሲሳሳትም ንገሪው። ሌሎቹን ልጆች የሚቆጣ አሠልጣኝ እሱን ብቻ ዝም የሚለው ከሆነ፣ ከቡድኑ ውጪ እንደሆነ ነግሮታል። አውቆ መሸነፍንም ተዪ። ተጋጣሚዎቹ ኳሱን ሆን ብለው እየለቀቁለት ጎል ያስቆጠረ ልጅ ጎሉ የማን እንደሆነ አይጠፋውም።

ታዲያ ፉክክሩ ሳይጠፋ ሁሉም እንዴት ይጫወት? በዚህ ጉዳይ ስሜት ብቻውን አያደርስም፣ ዘዴ ያስፈልጋል። እኛ አሠልጣኞች ጨዋታ አልሄድ ሲል አራት ነገሮችን እናያለን፤ ቦታውን፣ ሥራውን፣ መሣሪያውንና ሰዎቹን። ለምሳሌ መቀባበል ላይ አንዲት ልጅ ኳሱ ሁሌ ያልፋታል እንበል። ኳሱ ፈጥኖባት ከሆነ አየሩ የቀነሰ ወይም ተለቅ ያለና ቀለል ያለ ኳስ አምጪ። ርቀቱ ከብዷት ከሆነ ሁለቱም ወገን አንድ አንድ እርምጃ ይቅረብ። በቀጥታ መያዙ ካልሆነላት አንድ ጊዜ ከነጠረ በኋላ መያዝ ለሁሉም ይፈቀድ። በዊልቸር ቴኒስ ኳሱ ሁለት ጊዜ እንዲነጥር የሚፈቀደው በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚያ በቀር ሜዳውም መረቡም ራኬቱም ያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ሦስቱን በአንዴ ከለወጥሽ የቱ እንደሠራ አታውቂም፤ ጨዋታውም ሌላ ጨዋታ ይሆንባታል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚለወጠው ሰውየው ሳይሆን ሜዳው ነው። ተቀምጠው በሚጫወቱት መረብ ኳስ ሁሉም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መረቡ ለወንዶች 1.15 ሜትር፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ከፍታ አለው፤ ኳስ ስትመቺ መቀመጫሽ ከመሬት መነሣት የለበትም። ሁለት እግር ያለው ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ምንም ብልጫ የለውም፤ እንዲያውም በእጁ እየተንፏቀቀ መንቀሳቀስ ስላልለመደ ያንገዳግደዋል። ድብልቅ ቡድን ይዤ ስጀምር ከዚህ ጨዋታ የተሻለ አላገኘሁም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ማንን ማገዝ እንዳለበት ይገለበጣል።

የድምፅ ነገርም አለ። ጎልቦል ማየት ለተሳናቸው የተፈጠረ ጨዋታ ነው፤ 1.25 ኪሎ የሚመዝን፣ ውስጡ ቃጭል ያለበት ኳስ መሬት ለመሬት ይወረወራል፣ ሦስት ሦስት ሆነው ዓይናቸውን የሸፈኑ ተጫዋቾች በድምፁ ተመርተው በሰውነታቸው ያግዱታል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተመልካች ዝም ይላል። በደስታ የሚጮህ በጎ ፈቃደኛ የተጫዋቹን ዓይን እየሸፈነበት ነው። ማየት በተሳናቸው እግር ኳስ ደግሞ ኳስ ወደ ያዘው የሚሄድ ተከላካይ «ቮይ» ብሎ መጮህ ግዴታው ነው፤ በስፓኒሽ «እየመጣሁ ነው» ማለት ነው። አንቺም ሳትናገሪ አትቅረቢ፤ ስምሽን አስቀድሚ፣ ስትሄጂም እንደሄድሽ ንገሪ፣ ባዶ አየር እያነጋገረ አይቅር። ስትመሪው ክንዱን ጨብጠሽ አትጎትቺው፤ እሱ ከክርንሽ በላይ ይይዝሻል፣ አንቺ ግማሽ እርምጃ ትቀድሚያለሽ። ቃጭል ያለው ኳስ ከሌላችሁ ተራውን ኳስ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ፊሽካ ምንም ነው፤ ባንዲራ ወይም ከፍ ያለ እጅ ይተካዋል። ስትናገሪ ፀሐይ ከኋላሽ አይሁን፤ ፊትሽ ጥላ ከሆነ ከንፈርሽ አይነበብም። ጥቂት የምልክት ቋንቋ ቃላት፣ «ቁም፣ ጀምር፣ አንተ፣ ተራ፣ ጥሩ» ያህል እንኳ፣ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያስተምሩሽ ጠይቂ፤ ደስ ብሏቸው ያስተምራሉ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ደግሞ አጭር አረፍተ ነገር፣ አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር እያሳየሽ፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ትእዛዙን ወዲያው ስትደግሚው አዲስ ትእዛዝ ይመስላቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ያስባሉ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ መንገር ግማሽ ሥራ ነው፤ ጫጫታው ሲከብደው የሚሄድበት ጸጥ ያለ ጥግ ይኑር፤ እዚያ መሄዱ ቅጣትም ማቋረጥም አይደለም፣ ሲያርፍ ይመለሳል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ክፍል ልምጣ፤ ይህን እባክሽ በጥንቃቄ አንብቢው። የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ህብለ ሰረሰር ከደረት መሐል በላይ የተጎዳበት ሰው ድንገት ራሱን የሚፈነቅል ራስ ምታት ከያዘው፣ ፊቱና አንገቱ ከቀላ፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ ካጠመቀው፣ ይህ ድካም አይደለም። የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰውየው ራሱ የማይሰማው ነገር ነው፤ የሞላ የሽንት ፊኛ፣ የታጠፈ የሽንት ቱቦ፣ የጠበቀ ማሰሪያ ወይም ቀበቶ። እንዳታስተኚው! ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ የጠበቀው ይላላ፣ አሠልጣኙ ይጠራ፣ አስቸኳይ ሕክምና ይጠራ። ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያውቀዋልና የሚለውን ስሚ።

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ላብ ስለማያልበው በሙቀት ቶሎ ይጎዳል፤ ጥላ፣ ውኃ፣ እርጥብ ጨርቅ ይኑርሽ። እግሩ ከመርገጫው ወርዶ እየተጎተተ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ላይሰማው ይችላል፤ ካየሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ንገሪው፣ አንቺ አንሥተሽ አታስቀምጪ። ስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንት በማህፀን ሳለ በደንብ ሳይገጥም መወለድ) ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ፊኛና ጓንት ለሚሠራበት ላስቲክ፣ ለላቴክስ፣ አለርጂ አላቸው፤ ለመቀባበል ይመቻል ብለሽ ፊኛ ይዘሽ ከመምጣትሽ በፊት ጠይቂ። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች የአንገታቸው የላይኛው መገጣጠሚያ የላላ ነው፤ በጭንቅላት መገልበጥና ራስን አስቀድሞ ውኃ ውስጥ መዝለል ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም። ሰውን ከወንበር ማንሣትና ማውረድ ሳትሠለጥኚ፣ ብቻሽንም አታድርጊው፤ የወንበሩ የክንድ መደገፊያ ተነቃይ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ይዘሽ ወንበሩን አታንሺ፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ፍሬኑ መያዙን ተመልከቺ።

የሚጥል በሽታ ቢነሣበት ሰዓትሽን እዪ። አትያዢው፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ ሌሎቹን ልጆች አርቂ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኚው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ሕክምና ነው። ዊልቸር ላይ ከሆነ ፍሬኑን ያዢ፣ ጭንቅላቱን ደግፊ፣ ቀበቶውን አትፍቺ። ይህን ሁሉ በቃልሽ መያዝ አይጠበቅብሽም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አሠልጣኙን «ከእኔ ጋር ያለው ልጅ ምን ዓይነት ድንገተኛ ችግር ሊገጥመው ይችላል? ቢገጥመው መጀመሪያ ማንን ልጥራ?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጣሽ ጨዋታው ሳይጀመር እስክታገኚ አጥብቀሽ ጠይቂ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ጀምሬ፣ ልጅቷ ስትወድቅ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረችኝ የዘጠኝ ዓመት እህቷ ነበረች፤ ያ ቀን እስከዛሬ አይረሳኝም።

ስለ ልጆች ጥበቃ በአጭሩ፤ ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻሽን አትሁኚ፣ መጸዳጃ ቤት ማገዝ የተመደበለት ሰው ሥራ ነው፣ ወላጅና ልጁ ሳይፈቅዱ ፎቶ አታንሺ። ፎቶው «በጎ ሥራዬን ተመልከቱ» ለማለት ከሆነ ቢፈቅዱም ይቅር።

የሰጡሽ ልጅ ለምን ያን ያህል እንደከፋው እንድታውቂ አንድ ነገር ልጨምር። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን የሚጠብቅ ነበር። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታካሚዎቹን ከአልጋ አስነሥቶ ስፖርት አስጀመራቸው፤ በ1948 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የቆሰሉ ወታደሮች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በቀስት ተወዳደሩ። በ1960 ሮም ላይ 23 አገሮች ተሳተፉ፤ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ተነሣ። ያ ሐኪም የፈለገው ታካሚው እንዲታዘንለት ሳይሆን እንዲወዳደር ነበር። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ30ኛው አንቀጹ ስፖርትን ከመብት ቆጥሮታል፤ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል መጫወት እንዲችሉ መንግሥታት እንዲሠሩ ያዛል። ልጁ እዚያ ሜዳ ላይ የተገኘው በአንቺ ቸርነት ሳይሆን በመብቱ ነው። አንቺ የመጣሽው ያ መብት ሜዳ ላይ በሥራ እንዲውል ነው።

በየሳምንቱ መምጣት የማትችዪ ከሆነ ከአሁኑ ተናገሪ። በወር ሁለቴ እመጣለሁ ብሎ ሁለቴ የሚመጣ ሰው፣ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ በሦስተኛው ከሚጠፋው ይሻላል። እነዚህ ልጆች መጥቶ የሚጠፋ ሰው ብዙ አይተዋል፤ አዲስ ፊት ሲያዩ ቶሎ የማይቀርቡትም ለዚህ ነው። የምትቀሪበት ቀን ካለ ለአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለልጁም ቀድመሽ ንገሪው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀደም ብለሽ ሂጂ። ልጁን ስታገኚው ዝቅ በዪና «ባለፈው ሳልጠይቅህ ወንበርህን ገፋሁ፣ አጥፍቻለሁ» በዪው። ማብራሪያ አትጨምሪ፤ ደስ የሚልህ መስሎኝ ነው አትበዪ፣ ያኔ አንቺን የማጽናናት ሥራ በእሱ ላይ ይወድቃል። ከዚያ «ዛሬ የምታዘኝ ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። «ምንም» ሊልሽ ይችላል። እሺ ብለሽ ሜዳው ዳር ቁሚ፤ የወጣ ኳስ የማንም ይሁን መልሺ፣ ውጤት ያዢ፣ ተጫዋች ካነሰ ገብተሽ ተጫወቺ፤ በተቃራኒው ቡድን ከሆንሽ ደግሞ እሱ የያዘውን ኳስ ከምርሽ ለመንጠቅ ሞክሪ። ምናልባት ሲያልቅ መውጫው ላይ ያለው ዳገት ይከብደውና ዘወር ብሎ «ግፊኝ» ይልሽ ይሆናል። ያኔ «ልጀምር ነው» ብለሽ ግፊው፤ ጫፉ ላይ ስትደርሱ እጅሽን ከማንሣትሽ በፊት «ለቀቅኩህ» በዪው።